በሰባት ወር ስድስት ጊዜ የተሳሳተ ደሞዝ፦ ጅማ ያላችሁ ምከሩኝ

ዋናው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ። የምሠራው አንድ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ሚዛን ላይ ነው። ጆንያ ይመጣል፣ እመዝናለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። ሁለት ኪሎ ብትጎድል ተጠያቂው እኔ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ቁጥር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ እንድትረዱልኝ ነው።

ያልተጣራ ደሞዜ 8,000 ብር ነው። ካለፈው ሐምሌ እስከ ጥር ድረስ ያለ ስህተት የገባልኝ የመስከረም ደሞዝ ብቻ ነው። የሐምሌና የነሐሴ 2017 የሥራ ግብር በድሮው ተመን ተቆርጦብኝ በየወሩ 295 ብር ጎደለኝ። ጥቅምት ላይ 14 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሠርቼ እንደ መደበኛ ሰዓት ታሰበ። ኅዳር 22 ሰዓት ሠርቼ የተመዘገበልኝ 12 ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጆንያ ጎድሏል ተብሎ 1,500 ብር ተቆረጠብኝ፤ ማን እንደቆጠረው፣ መቼ እንደጎደለ የሚል ወረቀት እስከዛሬ አላየሁም። ጥር ላይ ደግሞ መኪና ስንጭን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የሠራሁትን 9 ሰዓት በቀን ተመን አስበውት 86 ብር ከ54 ሳንቲም ጎደለ። ደብተሬ ላይ ስደምረው 3,022 ብር ከ69 ሳንቲም ነው።

ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ደግ ናት። ስሄድ አትቆጣም፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ በሚቀጥለው ወር እንደሚካተት ትነግረኛለች። የሚቀጥለው ወር ሲመጣ ያለፈው አይካተትም፣ አዲስ ስህተት ይጨመርበታል። በእነዚህ ሰባት ወራት አንዱም ስህተት ወደ እኔ አላደላም። ታኅሣሥ ላይ እቁብ የምጥለው አጥቼ ከጎረቤቴ ተበደርኩ። ሰው ደሞዙን በልቶ ይበደራል፤ እኔ ግን ሠርቼ ያልተከፈለኝን ነው የተበደርኩት።

ሥራዬን ሳላጣ፣ ከሰው ሳልጣላ ይህን ገንዘብ እንዴት ላስመልስ? እንዳይደገምስ ምን ላድርግ?

*(መልሱ ስለበዛ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲቀለው ከታች በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። የማንንም ጽሑፍ አልገለበጥኩም፣ ሐሳቡን ነው የጻፍኩት።)*

መልስ 1

መጀመሪያ የጻፈልኝ የቆጪ ልጅ ነው። አዘነልኝና የደሞዝ ስሊፕ ይሰጠን እንደሆነ ጠየቀኝ። አይሰጠንም። ብሩ በባንክ ይገባል፣ ስልኬ ላይ የሚመጣው መልእክት የተጣራውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ፔይሮሉ ላይ፣ ማለትም የደሞዝ መክፈያ መዝገቡ ላይ እንፈርማለን፤ ገንዘብ ያዧ ግን ወረቀቱን አጥፋ ነው የምታቀርበው። የሚታየኝ ስሜና የፊርማው ሳጥን ነው። ተቀናሽ የሚለው ዓምድ ከእጥፋቱ ሥር ይቀራል። ይህን ስነግረው በሽታው እዚያ እጥፋት ውስጥ እንዳለ ጻፈልኝ። አስቤበት አላውቅም ነበር።

መልስ 2

ከሃያ ዓመት በላይ ሆቴል ቤት የሠሩ አባት ናቸው። እርጋታን መከሩኝ። ከልጅቷ ጋር ከመመላለስ በቀጥታ ባለቤቱ ጋ እንድሄድ፣ እሱም ጠዋት በሥራ ሰዓት ሳይሆን ከምሳ በኋላ ቡናውን ሲጠጣ እንድይዘው ነገሩኝ። እምቢ ካለ ሁለት የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች እንድልክ አሉ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ነገም ዓይን ለዓይን መተያየት አለ። ምክራቸውን በክብር ተቀብያለሁ። የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው። እኔ ከማንም አልተጣላሁም፣ የጎደለብኝ ሂሳብ ነው።

መልስ 3

በሂሳብ ሙያ የምትሠራ እህት ናት። ከዚህ ክር፣ ማለትም ከዚህ ውይይት፣ ብዙውን የተማርኩት ከእሷ ነው።

በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱን አስረዳች። በድሮው ተመን 8,000 ብር በ30 በመቶ ተባዝቶ 955 ሲቀነስለት ግብሩ 1,445 ይሆናል። በአዲሱ በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 ይቀነሳል፣ 1,150 ይመጣል። ልዩነቱ 295 ብር፣ ልክ እኔ እንዳልኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቀመር ሳይቀይር ሐምሌን ያለፈ ሌላ ድርጅትም ታውቃለች። ግን ከመክሰሴ በፊት አንድ ነገር እንዳጣራ መከረችኝ። ትርፉ 295 ገቢዎች (ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ገብቶ ነው ወይስ ድርጅቱ ዘንድ ቀርቶ? ገብቶ ከሆነ የምጠይቀው የግብር ማስተካከያ እንዲሠራልኝ ነው። ቀርቶ ከሆነ ግን ጥርት ያለ የእኔ ደሞዝ ነው።

ከዚያ የእኔን ድምር አረመችው። ከጎደለኝ ውስጥ 932 ብር ከ69 ሳንቲሙ የትርፍ ሰዓት ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ግብር አለ። በእኔ እርከን 25 በመቶ ሲነሳለት 699 ብር ከ52 ሳንቲም ይቀራል። ስለዚህ በእጄ መግባት ያለበት 3,022 ሳይሆን 2,789 ብር ከ52 ሳንቲም ነው። የተሳሳተ ቁጥር ይዤ ከገባሁ የእነሱ ስህተት ተረስቶ የእኔ እንደሚወራ አስጠነቀቀችኝ። ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ፤ ቀኑን ሙሉ ሚዛን ላይ ቆሜ የምውል ሰው ነኝና። ግን ልክ ናት።

የሰዓቱንም አወጣጥ ጻፈች፣ ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም እደግመዋለሁ። በሳምንት 48 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት፣ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 8,000 ለ208 ሲካፈል 38 ብር ከ46 ሳንቲም፣ ይህ የአንድ ሰዓት ዋጋዬ ነው። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5።

መልስ 4 እና 5

ከአጋሮ የጻፈ የጥበቃ ሠራተኛ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ የእሱ ደሞዝ በሙሉ በ1.75 መባዛት እንዳለበት ገባውና በጣም ተናደደ። የሂሳቧ እህት ተመልሳ 1.75 የሚመለከተው ከመደበኛ ሰዓት በላይ የተሠራውን እንደሆነ ነገረችው። የሥራ ውሉ የሌሊት ፈረቃ ከሆነ ስምንቱ ሰዓት መደበኛው ነው፣ ትርፍ የሚባለው ከዚያ በላይ ያለው ነው። በየምሽቱ 12 ሰዓት እንደሚቆም ሲነግራት ግን የእሱ ጉዳይ ከእኔ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ለብቻው ክር እንዲከፍት ነገርነው።

መልስ 6 እና 7

እዚህ ላይ ነገሩ ጠጠር አለ። 6ኛው ፔይሮል ላይ ከፈረምኩ በኋላ አፌን ከፍቼ መናገር እንደማልችል በእርግጠኝነት ጻፈ። ፊርማ ፊርማ ነው፣ ፍርድ ቤት ብሄድም እንደሚስቁብኝ ጨመረበት። እውነቱን ለመናገር ለግማሽ ቀን ያህል አመንኩት፤ ምሳም አልበላሁም።

7ኛው የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ የነበረ ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 60ን እንድናነብ ጠቆመን። እኔም አንብቤዋለሁ። አሠሪው ያልተጣራውን፣ አሠራሩን፣ የተቀነሰውን ዓይነትና መጠን፣ የተጣራውን የያዘ መዝገብ መያዝ አለበት። ሠራተኛው ሲጠይቅ መዝገቡን ማሳየትና ማስረዳትም ግዴታው ነው። ሠራተኛው ሳይቃወም መዝገቡ ላይ ያለውን ገንዘብ መቀበሉ ደግሞ የቀረውን እንደተወው አያስቆጥርም። የታጠፈው ወረቀት መዘርጋት አለበት ማለት ነው። 6ኛው ተመልሶ አልጻፈም።

መልስ 8 እና 9

8ኛው ሕግ አውቃለሁ የሚል ነው። ከደሞዝ እስከ አንድ ሦስተኛ መቁረጥ ይቻላል፣ የ8,000 አንድ ሦስተኛ 2,666 ብር ነው፣ ስለዚህ 1,500ው ሕጋዊ ነው ብሎ ደመደመ። ሦስት ሰው ተስማማለት።

9ኛዋ ተቆጥታ መጣች። የዚያኑ አዋጅ አንቀጽ 59 ግማሹን ብቻ እንዳነበበ ነገረችው። አንድ ሦስተኛው ጣሪያ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ከመቁረጥ በፊት ምክንያቱ መኖር አለበት፦ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት። አንድ ሰው ተነስቶ ጆንያ ጎድሏል ስላለ ብቻ አይቆረጥም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የፈረምኩት የንብረት ኃላፊነት ውል ካለ እንድፈትሽ ጠየቀችኝ። ቤት ገብቼ የቅጥር ደብዳቤዬን አወጣሁ። ስለ ጉድለት ምንም የለውም።

መልስ 10

አጭር ነበር፣ ግን ከሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በአዋጁ መሠረት የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ እንደሚቀር አስታወሰኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። የሐምሌው ጥር መጨረሻ ላይ አልፏል። የነሐሴው በዚሁ በየካቲት ያልቃል። የጥቅምቱ ሚያዝያ መጨረሻ ነው። እኔ በሚቀጥለው ወር ይካተታል እየተባልኩ ስመላለስ ቀኑ ይነጉድ ነበር።

ይኸው ሰው አንድ መላ ጨመረልኝ። አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ካመነ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። በአፍ ይስተካከላል የተባለው ለዚህ አያገለግልም። ስለዚህ ጥያቄዬን በትሕትና ጽፌ በሁለት ኮፒ እንዳስገባ፣ ቀሪው ላይ ቀንና ፊርማ እንድቀበል፣ መልሱንም በደብዳቤ እንድጠይቅ መከረኝ። የ2ኛው አባትም ተመልሰው በዚህ ተስማሙ። ሽማግሌም ቢሄድ ወረቀቱን ይዞ ቢሄድ ይሻላል አሉ።

መልስ 11

ለ86 ብር ይህን ሁሉ ወረቀት ማንሳት ያሳፍራል ያለኝ ነው። በዛሬ ዋጋ ምን ይገዛል ብሎ አፌዘ። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ እኔ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ብሳሳት ያሳፍራል ተብሎ አይታለፍልኝም። በሌሊት ጆንያ ስጭን የነበረው ወገቤ ነው። እሱን ማንም በነፃ አያገኘውም። ትንሽ ሻካራ ሆኖ ይሆናል የጻፍኩት። ግን አላጠፋሁትም።

መልስ 12

ራሱ ሠራተኛ የሚያሠራ ባለሱቅ ነው። ሠራተኛ የሚጮኸው ደሞዙ ሲጎድልበት ነው እንጂ ሲበዛለት ትንፍሽ እንደማይል ጻፈ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ስለሆነ በትክክል መለስኩ። ግንቦት 2017 ላይ የማይገባኝ 400 ብር የትራንስፖርት አበል ገብቶልኝ ነበር። በማግስቱ ሄጄ ተናገርኩ። ሰኔ ላይ ተቆረጠ፣ አንድ ወር አልቆየም። ስለዚህ ማስተካከል ያውቁበታል። ሰውየው ይህን ካነበበ በኋላ ቃሉን ለወጠ። እሱ ራሱ ደሞዝ የሚጽፈው ማታ ደክሞት እንደሆነ፣ አንዴ ለአንዱ ልጅ የአንድ ሳምንት ሂሳብ እንደረሳና ልጁ አፍሮ ለሁለት ወር ሳይነግረው እንደቆየ ጻፈ። ወደድኩት።

መልስ 13

ይህን መልስ ሁላችሁም ሄዳችሁ አንብቡት።

እናቷ ቡና ለቃሚ ናቸው፣ በጆንያ ነው የሚከፈላቸው። ፔይሮል የለም፣ ስሊፕ የለም፣ የሚጽፈው አለቃው ነው። እናቷ መጻፍ ስለማይችሉ አንድ ጆንያ ለቅመው በጨረሱ ቁጥር የነጠላቸውን ጫፍ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። ቅዳሜ ሲከፈል ቋጠሮው ሰባት ነው፣ መዝገቡ ስድስት። ሲናገሩ ቋጠሮ ማስረጃ አይደለም ይባላሉ። ቤት ሲገቡ ልጅቷ ናት ቋጠሮውን የምትፈታው። ሰባተኛውን ስትፈታ እናቷ ዝም ይላሉ። እኔ ስለ ፔይሮል ሳወራ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ እንዳልረሳ ለመነችኝ።

እዚያው የምሠራበት ግቢ ውስጥ የለቃሚዎች አዳራሽ አለ። ጠዋት በፊቱ አልፋለሁ። የለቀሙትን የምመዝነው እኔ ነኝ፣ ግን ቁጥሩን የማስተላልፈው ለአለቃው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእያንዳንዷ ቀኑንና ኪሎውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ ፈርሜ እሰጣለሁ። አለቃው አልወደደውም። ጽሑፉ የራሴ ሚዛን ስለሆነ ግን ሊከለክለኝ አልቻለም። 7ኛው ሰው በጆንያ መከፈል ከአዋጁ እንደማያስወጣ፣ ይርጋውም ለእነሱ እንደሚቆጥር ጨምሯል።

መልስ 14 እስከ 17

እዚህ ትንሽ ተበታተነ። አንዱ የቡና እርጥበት ሚዛን ላይ ስለሚያመጣው ልዩነት ረጅም ጽሑፍ ጻፈ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቦታው አይደለም። አንድ አስተማሪ የእሱም ደሞዝ እንደሚሳሳት ነገረን። የመንግሥት ሠራተኛ በ1156 እንደማይተዳደርና አቤቱታው በራሱ መሥሪያ ቤት የቅሬታ መስመር እንደሚሄድ ተነገረው። ሌላው ማመልከቻው በምን ቋንቋ እንደሚጻፍ ጠየቀ። በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ ቢጻፍ ቶሎ እንደሚስተናገድ አንድ ሰው መለሰ። ከዚያ ሁለት ሰዎች በቋንቋ ጉዳይ ተሰዳደቡ። አወያዩ አጠፋላቸው፣ ደግ አደረገ። እኔ የማመልከቻው ነገር ሲነሳ ደስ ነው ያለኝ፤ ጎረቤቴ፣ ያው እቁቡን ያበደረኝ፣ በአንድ ምሽት ተርጉሞ ጻፈልኝ።

መልስ 18

ሕግ የተማረች እህት ናት። ፍርሃቴን ነው የመለሰችልኝ። ሠራተኛ አሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም በመክሰሱ ብቻ ከሥራ ማሰናበት በአዋጁ ተገቢ ምክንያት አይደለም። መንገዱንም በቅደም ተከተል ነገረችኝ። መጀመሪያ ደብዳቤ። ካልሆነ ብዙዎቻችን እስካሁን ሠራተኛና ማኅበራዊ የምንለው ቢሮ። ካልሆነ የወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት፤ እዚያ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥም አስታወሰችን። ደብተሬን፣ የባንክ መልእክቶቼን፣ የቅጥር ደብዳቤዬን ፎቶ አንስቼ ከስልኬ ውጪም እንዳስቀምጥ አሳሰበችኝ። ያንኑ ማታ አደረግኩት።

መልስ 19፣ ከእኔ

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አስገባሁ። አንድ ገጽ ነው፣ ስድብ የለበትም፣ ወር በወር የጎደለው ቁጥርና አሠራሩ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ቀሪው ላይ ገቢ ብላ ማህተም ለማድረግ ፈራች። ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ግን ተነስታ መጣች፣ አነበበችው፣ ቀን ጽፋ ፈረመችልኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለ120 ሰው ደሞዝ ብቻዋን እንደምትሠራ ያን ቀን ነው የነገረችኝ። እሷን ጠላት አድርጎ የጻፈ ሰው ካለ እባካችሁ ይተወው።

በዘጠነኛው ቀን ቁጥርና ማህተም ያለው መልስ ደረሰኝ። የጥቅምት፣ የኅዳርና የጥር ትርፍ ሰዓት ስህተት መሆኑን አምነዋል። የሐምሌና የነሐሴው ግብር ገቢዎች ገብቷል፣ ማስተካከያ እንደሚጠይቁ ጽፈዋል። ስለ 1,500ው አንድ ቃል የለም።

ትናንት የየካቲት ደሞዝ ተፈረመ። ወረቀቱ አልታጠፈም። ስሜን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፦ ያልተጣራ፣ ግብር፣ የጡረታ 7 በመቶ 560 ብር፣ ቀጥሎ የትርፍ ሰዓት ማካካሻ በሚለው ሥር 932.69። ከኋላዬ የቆመው የጭነት ሠራተኛ አንገቱን አስግጎ የራሱን መስመር ይፈልግ ነበር፤ ጣቴን አድርጌ አሳየሁት።

ለ1,500ው ሰኞ ጠዋት ሠራተኛና ማኅበራዊ ቢሮው ሲከፈት እሄዳለሁ። ማመልከቻው ተጽፎ ተዘጋጅቷል። ቅጂውን የጠየቃችሁኝ፣ ስሜንና የድርጅቱን ስም ሸፍኜ ዛሬ ማታ እለጥፋለሁ።